ድህነቱ የባል እጦት አይደለም

ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ስትቸገር የኛም ሰው የአሜሪካም ፖለቲከኛ የሚሰጣት ምክር ተመሳሳይ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ለልጆችሽ ስትይ ቻዪው፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» ይሏታል። ዋሽንግተን ደግሞ ጋብቻን ለማበረታታት በጀት ትመድባለች። ድህነቱን ያመጣው የአባወራ አለመኖር ነው የሚለው እምነት የሁለቱም ነው። እምነቱ ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም ሕፃናት ናቸው።

ለምሳሌ ዊትኒን እንይ፤ ኔቫዳ ውስጥ ከላስ ቬጋስ በስተምሥራቅ፣ በቦልደር ሃይዌይ አካባቢ ያለች ሰፈር ናት። በ2020 ቆጠራ 49,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የምትተዳደረው በክላርክ ካውንቲ ሥር ነው። በአውራ ጎዳናው ዳር ኪራያቸውን በሳምንት የሚቀበሉ ሞቴሎች አሉ። ለአፓርታማ ቀብድ የሚሆን ገንዘብ ያልሞላላት እናት ልጆቿን ይዛ የምትገባው እዚያ ነው፤ ማብሰያዋ ብዙ ጊዜ አንድ ማይክሮዌቭ ነው።

የዊትኒ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም በመላው አሜሪካ የተሰማው በ2011 ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ሼሪ ጋን ልጆች ከምሳ ላይ የኬቻፕ ከረጢቶችን ኪሳቸው ሲከቱ አየች። ማታ ቤታቸው በውኃ በጥብጠው እንደ ሾርባ ሊጠጡት ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች በሞቴል ወይም በሰው ቤት ተደርበው የሚኖሩ፣ በትምህርት ሕጉ መሠረት ቤት አልባ የሚባሉ ነበሩ። ርዕሰ መምህርቷ ወላጆቹን ሰብስባ የምትችለውን ሁሉ እንደምትሰጣቸው ነገረቻቸው፤ ምግብ፣ ልብስ፣ ሲያስፈልግም የቤት ኪራይና የመብራት ክፍያ። በምላሹ የጠየቀችው ልጆቹን እንድታስተምር እንዲተዉላት ብቻ ነበር። ታሪኩ በኤለን ዲጄነረስ የቴሌቪዥን ሾው ቀርቦ ብዙ እርዳታ መጣ።

ይህችን ሴት አከብራታለሁ። ሥራዋን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ይገባዋል፤ እናቶቹን አግቡ ብላ አልሰበከችም። የጎደለውን ኪራይ ከፈለች፣ የጎደለውን ምግብ ሰጠች። የሚያሳፍረው፣ የመንግሥት ሥራ በአንዲት ርዕሰ መምህርትና በቴሌቪዥን ተመልካች ደግነት ላይ መውደቁ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። የኔቫዳ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 12 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራች እናት ታክስ ሳይቆረጥባት በወር 2,080 ዶላር ገደማ ታገኛለች። ለአንድ ሕፃን የዴይኬር ክፍያ በወር 1,000 ዶላር አካባቢ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ከ1,200 ዶላር በታች ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። እህሉ ሳይገዛ፣ የአውቶቡሱ ሳይከፈል ደመወዙ አልቋል። በበጋ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ በረሃ ደግሞ ኤር ኮንዲሽነር ማጥፋት አይቻልም፤ የመብራቱም ቢል በዚህ ላይ ይደመራል።

«ትሥራ» የሚለው ሰው እየሠራች እንደሆነ አያይም። ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ የምትሠራ የማውቃት እናት የተሻለ ክፍያ ያለው የስዊንግ ሺፍት ቀርቦላት እንቢ ብላለች። ሥራው የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ የልጇ ዴይኬር ግን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የዘገየ ወላጅ በደቂቃ ይቀጣል። ካዚኖው 24 ሰዓት ክፍት በሆነበት ከተማ አብዛኛው የሕፃናት መዋያ የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ነው። ችግሯ የስንፍና ነው የሚል ሰው መጥቶ ያንን ልጅ ማታ ይጠብቅላት።

የኑሮ ልዩነቱን የሚፈጥረው የሥራ ውሉ ነው። የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ኩሊነሪ ዩኒየን ሎካል 226 በተፈራረመው ውል ሥር ክፍል የምታጸዳ ሴት በሰዓት ከ20 ዶላር በላይና የቤተሰብ የጤና መድን ታገኛለች። ያቺው ሴት ዩኒየን በሌለበት ፈጣን ምግብ ቤት ብትቀጠር በ12 ዶላር ልትጀምር ትችላለች። የባሏ ጉዳይ በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ የተለወጠው ደመወዟ ነው።

ሁለት ገቢ ከአንድ ገቢ እንደሚበልጥ አልክድም። ፍቅርና መከባበር ባለበት ቤት ሁለት ወላጅ መኖሩም ለልጅ ፀጋ ነው። ከዚያ ተነስቶ ጋብቻን የድህነት ፖሊሲ ማድረግ ግን ተሞክሮ ከሽፏል። ኮንግረስ በ2006 ለጋብቻና ለአባትነት ፕሮግራሞች በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ልጅ የወለዱ ወይም የሚጠብቁ ያልተጋቡ ጥንዶች በስምንት ቦታዎች ሥልጠና ወሰዱ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠና በመጋባትም ሆነ አብሮ በመኖር ካልሠለጠኑት አልበለጡም። በ1996 የወጣው የዌልፌር ሕግም ለችግረኛ ቤተሰብ የታሰበውን በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ለክፍለ ግዛቶቹ ሰጥቶ ጋብቻን ማበረታታትን ጨምሮ ለሰፊ ዓላማዎች እንዲያውሉት ፈቀደላቸው። ገንዘቡ ከዚያ ወዲህ ከኑሮ ውድነት ጋር አልጨመረም፤ ከጠቅላላው ወጪ በጥሬ ገንዘብ እናቶች እጅ የሚገባው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ኔቫዳ ደግሞ 24 ወር የተረዳችን እናት ለ12 ወራት ከእርዳታው ታስወጣለች።

ሌላ መንገድ መኖሩን በ2021 አይተነዋል። በዚያ ዓመት የሰፋው የሕፃናት ታክስ ክሬዲት ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከዚያ በላይ ላለ 3,000 ዶላር ሆነ። ግማሹ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ባንክ ገባ፤ ገቢ የሌላት እናትም ሙሉውን አገኘች። የመንግሥት ድጋፍን ጨምሮ በሚሰላው መለኪያ የሕፃናት ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ኮንግረስ ክፍያውን ሳያድስ ቀረ፤ በ2022 ድህነቱ ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ። በእነዚያ ወራት እናቶቹ ባል አላገቡም፣ ሲቋረጥም አልፈቱም። ገንዘብ መጣ፣ ድህነት ቀነሰ፤ ገንዘብ ቆመ፣ ድህነት ተመለሰ።

በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ክሬዲቱን ለአንድ ልጅ 2,200 ዶላር አድርጎታል። በዓመት 400,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ሙሉውን ይወስዳሉ። ሁለት ልጅ ይዛ 12,000 ዶላር የሠራች እናት ግን በ2025 ሂሳብ ከ4,400 ዶላር ውስጥ የሚደርሳት 1,425 ብቻ ነው። ያው ሕግ ታናሽ ልጃቸው 14 ዓመት የሞላው ወላጆች ፉድ ስታምፕ ለማግኘት የሥራ ሰዓት እንዲያስመዘግቡ ያዛል፤ ግሪን ካርድ ገና ያልደረሳቸውን ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችንም ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። ይህ በቀጥታ የኛን እናቶች የሚነካ ነው።

እጅግ ድሃ የሆነችው አገራችን ኢትዮጵያ እንኳ ከ1997 ዓ.ም. በጀመረችው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት የሌለው ቤተሰብና ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እናት ያለ ሥራ ግዴታ እንዲረዱ ደንግጋለች። አፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት አለበት፤ መርሁ ግን ከአሜሪካው ይሻላል።

ለሽማግሌዎቻችን የምለው አለኝ። በዱላና በስድብ ምክንያት ከቤት የወጣችን ሴት «ኪራዩን እንዴት ትችዪዋለሽ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ማስታረቅ አይባልም። ልጇንም «ሴት ያሳደገው» ብለን መስደባችንን እናቁም። ዕቁብና ዕድር ያለን ሰዎች ነን፤ የመጀመሪያ ወር ኪራይና ቀብድ መሸፈን ያቅተናል ብዬ አላምንም። የሚበልጠው ግን ድምፃችን ነው። በኔቫዳ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ሰባት የሥራ ቀን ይሰጠዋል፤ በአጭሩ የማስለቀቂያ ሥርዓት መጀመሪያ ፍርድ ቤት መሄድ ያለበት አከራዩ ሳይሆን ተከራዩ ነው። ይህን ለመለወጥ በ2023 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ያሳለፈውን ሕግ ገዥው ጆ ሎምባርዶ ውድቅ አድርገውታል። ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ለ120 ቀናት ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ጉባኤ የሚከፈተው በፌብሩዋሪ 2027 ነው። ምክር ቤቱ እስከሚሰበሰብበት ካርሰን ሲቲ ድረስ መጓዝ አያስፈልግም፤ ከላስ ቬጋስ ሆኖ በቪዲዮ መመስከር ይቻላል። የዜግነት ወረቀት ያላችሁ ተመዝገቡና ምረጡ፤ የሌላችሁም መመስከር ትችላላችሁ። ስለ ማስለቀቂያው ሕግና ማታ ስለሚሠሩ የሕፃናት መዋያዎች ተናገሩ።