ዓሣም ሰነድ ያሻዋል



በ1938 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ባሕር ከዳይኖሰሮች ዘመን ጋር ጠፍቷል የተባለ ዓሣ በመረብ ወጣ፤ ሲላካንት። ዓለም ያወቀው የአንድ ትንሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረችው ማርጆሪ ኮርትኒ ላቲመር ከሌላው ዓሣ ለይታ፣ ሥዕሉን ነድፋ ለምሁር ስለላከች ነው። ሁለተኛው በ1952 በኮሞሮስ ሲገኝ ግን ሙስሊም አጥማጆቹ «ጎምቤሳ» እያሉ ቀድሞም ያውቁት ነበር። ዕውቀቱ ነበር፤ መዝገቡ አልነበረም።

የእኛስ ዓሣ? ዓባይ ጉባ ላይ ተገድቦ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ንጋት ሐይቅ ሆኗል። ወንዝ ሐይቅ ሲሆን ዓሣውም ይለወጣል። ቆሮሶ በረጋ ውኃ ይበዛል፤ ለመራባት ወራጅ ውኃ የሚሻው ይመናመናል። ዛሬ ያልተመዘገበውን ነገ ማን ይመሰክርለታል?

ሐዲስን ያለ ሰነድ አንቀበልም። የዓሣ ወሬም እንዲሁ ነው፦ ማን አየው? የት? መቼ?

ስለዚህ ይህን ለባዮሎጂ ተማሪዎች ብቻ አንተወው። ለእረፍት ወደ ጉባ፣ ሸርቆሌ ወይም ዳቡስ ዳር የምትሄዱ ሁሉ እንግዳ ዓሣ ስታዩ ከመጠበሱ በፊት ፎቶ አንሡት፤ ርዝመቱን ለኩ፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። አጥማጁ በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የሚጠራበትን ስምም ጠይቁ። ከዚያ ለባዮሎጂ መምህራን አድርሱ።

አላህ የውኃን ታዳኝ ሐላል አድርጎልናል። መብላቱ ከተፈቀደልን፣ ማወቁና መጠበቁ ደግሞ አማናችን ነው።

ወላሁ አዕለም።