«ድምፅህን ቀይር!» ከማለታችን በፊት፦ ሰሚም ሐቅ አለበት



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። «የስልክ ትረካና ድራማ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ይህን ያህል የሚጻፍበት?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ነበር የምንለው። ሐሳባችንን ያስቀየረን እዚሁ ኤረር በር፣ ከግንቡ ሥር ባለው ሰፈራችን የሆነ ነገር ነው።

አራት የሰፈራችን ልጆች የ«ዴርቶጋዳ»ን አንድ ምዕራፍ ወደ ድምፅ ድራማ ቀየሩት። ከአራቱ ሁለቱ በመድረሳችን ቁርኣን ያኸተሙ ናቸው። «ዴርቶጋዳ» የደራሲ ይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ እንደሆነ፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» እንደተከተሉት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጣና ሐይቅን፣ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችን፣ ስለላንና ረቂቅ ቴክኖሎጂን አንድ ላይ ያጠላለፈ ታሪክ ነው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የስለላ ታሪክ ነው የሚሉም አሉ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያነበው ትረካ በየስልኩ ይዞራል። ልጆቹም «አንድ ሰው ብቻውን ከሚያነበው፣ ገጸ ባሕርያቱን ተካፍለን ለምን አንጫወተውም?» ብለው ተነሡ።

ከኢሻ በኋላ መንገዱ ጸጥ እስኪል ይጠብቃሉ። ነደባው ላይ ብርድ ልብስ ይጋርዱና እሱ ውስጥ ተጨናንቀው በአንድ ስልክ ይቀዳሉ። የሴቷን ገጸ ባሕርይ የተጫወታት ድምፁ ገና ያልጎረነነው ትንሹ ልጅ ነው። ሦስት ሌሊት ፈጅቶባቸው ሃያ ስድስት ደቂቃ አወጡ።

ከዚያ ለቀቁት፤ መልሱም ወዲያው መጣ። «ድምፅህን ቀይር!» «ፍየል ነው እንዴ የሚያነበው?» «ዋናውን ትረካ አበላሻችሁት!» አንዱማ «የጅቡ ድምፅ ፎርጅድ ነው፣ ከኢንተርኔት ነው ያወረዳችሁት» አለ። ሱብሃነላህ! ኤረር በር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። ጅቡ ከበሩ ውጭ ሆኖ ሳይጠሩት የመጣ፣ ልጆቹም ማስቆም አቅቷቸው የተዉት ነው። ከድራማው ውስጥ ማንም ያልሠራው ድምፅ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፤ ፎርጅድ የተባለውም እሱ ሆነ።

ሳቁ ግን እዚህ ያበቃል። የሴቷን ድምፅ የተጫወተው ትንሹ ልጅ ከዚያ ወዲህ መድረሳ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይቀራም። ተራው ሲደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይወጣም። ቀድሞ ድምፁ ከግቢው አልፎ የሚሰማ ልጅ ነበር።

ደግሞ እኛስ? እኛም ነፃ አይደለንም። ልጆቹ መጥተው ሲነግሩን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳናዳምጥ «ጊዜያችሁን በዚህ ታባክናላችሁ?» ብለን ሸኘናቸው። ሙሉውን የሰማነው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልጁ ዝም ማለቱን ካየን በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ነው።

የምንለው በአጭሩ ይኼ ነው፦ ድምፅ የሚያሰማ ሰው ሐቅ እንዳለበት ሁሉ የሚሰማና መልስ የሚሰጥ ሰውም ሐቅ አለበት። አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፦ ሳይሰሙ አለመፍረድ

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1938 አሜሪካ ውስጥ ኦርሰን ዌልስ የሚባል ወጣት ተዋናይ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ድራማ በሬዲዮ አቀረበ። ታሪኩ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ ከአርባ ዓመት በፊት ያሳተመው «የዓለማት ጦርነት» ነው፤ ከማርስ የመጡ ፍጥረታት ምድርን ሲወርሩ የሚያሳይ ልብ ወለድ። አዘጋጆቹ ድራማውን እንደ ሰበር ዜና አድርገው ሠሩት። መጀመሪያው ላይ ድራማ መሆኑ ተነግሯል። ዘግይተው ሬዲዮ ከከፈቱት መካከል ግን እውነት መስሏቸው የደነገጡ ነበሩ።

በማግሥቱ ጋዜጦች «አገር ምድሩ በድንጋጤ ተናጠ» ብለው ጻፉ። ኋላ ላይ ነገሩን ያጠኑ ሰዎች እንዳሳዩት ደግሞ ድንጋጤው ጋዜጦቹ ያሉትን ያህል አልነበረም፤ እጅግ ተጋንኖ ነበር። እንግዲህ እዩት፦ ግማሹ ሰሚ ድራማውን ከመሐል ሰምቶ ተሳሳተ፤ ጋዜጠኛው ደግሞ የሰሚውን ሁኔታ ሳያጣራ ተሳሳተ። ሁለቱም ስሕተት የመጣው ካለመስማት ነው።

የእኛ ልጆች ድራማ ላይ «ፎርጅድ» ያለው ወንድማችን ስንት ደቂቃ ሰምቶ ይሆን? ጅቡ የሚጮኸው በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ልጆቹ ራሳቸው «የጅቡ ድምፅ ከኤረር በር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልን» ብለው ተናግረዋል። እስከዚያ የደረሰ ቢኖር ኖሮ ነገሩ የሰፈሩ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛ፦ የድምፁ ባለቤት ሐቅ

ቁጣችሁ ከፍቅር እንደሚመጣ እናውቃለን። ድምፅ ጆሮ ውስጥ ቤት ይሠራል። ታላላቆቻችንን ጠይቁ፤ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው ዛሬ መጽሐፉን ዝም ብሎ ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የውጋየሁን ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢያነበው «ይኼማ አይደለም» ይላል። ይህ ነውር አይደለም።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ «ስታር ዋርስ» የተባለውን የጠፈር ፊልም በ13 ክፍል የድምፅ ድራማ አድርጎ ሠራው። ከፊልሙ ዋና ተዋናዮች ማርክ ሃሚል በራሱ ድምፅ ተጫወተ። የሃሪሰን ፎርድን ገጸ ባሕርይ ግን ሌላ ተዋናይ ፔሪ ኪንግ ነው የተጫወተው። ፊልሙን በቃሉ ለሚያውቅ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ድራማው ብዙ አድማጭ አገኘ፤ ቀጣዩ ፊልምም በድምፅ ተሠራ፤ ፔሪ ኪንግም ቀጠለ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረመን ግን የእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ነው፤ በ1989 ተቋረጠ። ወዳጆቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ገና ከመቋረጡ በፊት በ1980ዎቹ፣ ጥቂት ወጣቶች ለራሳቸው ደስታ ብለው በካሴት አዳዲስ ታሪኮችን በድምፅ ይሠሩ ነበር። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ኒኮላስ ብሪግስ ይባላል። በ1999 ቢግ ፊኒሽ የተባለ ድርጅት ፈቃድ አግኝቶ በቀድሞዎቹ ተዋናዮች ድምፅ አዳዲስ ድራማ ማውጣት ሲጀምር፣ ብሪግስ ከሠሪዎቹ አንዱ ሆነ። በ2005 ተከታታዩ ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ፣ የዋነኞቹን ጠላቶች የዳሌኮችን ድምፅ የሰጠው ይኸው የካሴቱ ልጅ ነው።

ሌላም አለ። ፖል ማክጋን የሚባል ተዋናይ በ1996 በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቻ ዶክተሩን ሆኖ ተጫወተ፤ ተከታታይም አልወጣለትም። ከ2001 ጀምሮ ግን በድምፅ ድራማ ለዓመታት ተጫወተው፤ ገጸ ባሕርይው በሰሚዎች ጆሮ አደገ። በ2003 በድምፅ የወጣ «ጁቢሊ» የተባለ ድራማም በ2005 ለቴሌቪዥኑ ክፍል መነሻ ሆነ፤ የጻፈውም ያው ደራሲ ሮበርት ሺርማን ነው።

ሰዎቹ ይህን የሠሩት ሁሉን ነገር እያወደሱ አይመስላችሁ። ወዳጆቹ ሲተቹ ምሕረት የላቸውም፤ የትኛው ክፍል ደከመ፣ የትኛው ድምፅ አልገጠመም እያሉ ለዓመታት ይከራከራሉ። ነገር ግን የሚከራከሩት ሰምተው ነው፤ ለሚቀጥለው ሥራም ቦታ ይተዋሉ። ያ የካሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ፍየል» ተብሎ ቢዘጋ ኖሮ ዛሬ ያን ድምፅ ማን ያወጣው ነበር?

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኡስታዛችን ስንሳሳት አንዲት ፊደል አያልፉንም ነበር፤ ያስቆሙናል፣ ያስደግሙናል። ግን «ድምፅህ አይረባም፣ ተነሥ» አላሉንም። ማረም ማለት ልጁ እንደገና እንዲሞክር ማድረግ ነው፤ ዳግመኛ እንዳይሞክር ያደረገው ነገር እርማት አይባልም።

ሦስተኛ፦ የድርሰቱ ባለቤት ሐቅ

እዚህ ላይ ልጆቹንም እንወቅሳለን። ምዕራፉን የወሰዱት ደራሲውን ሳያስፈቅዱ ነው። «ገንዘብ አላገኘንበትም» አሉን። ይህ መልስ አይሆንም። የሰው ልፋት የሰው ሐቅ ነው፤ ገንዘብ ባይገኝበትም ባለቤት አለው።

ያ የ«ስታር ዋርስ» የሬዲዮ ድራማ እንዴት እንደተሠራ ስሙ። የፊልሙ ባለቤት ጆርጅ ሉካስ የሬዲዮ መብቱን ለተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያ በ1 ዶላር ሰጠ። አንድ ዶላር! ዋጋው ስጦታ ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም ተጠይቆ፣ ፈቅዶ፣ ተዋውሎ ነው። ፈቃድ መጠየቅ የግድ ብር መክፈል አይደለም። ባለቤቱን ባለቤት ብሎ ማክበር ነው። ትረካውን ከሌላ ሰው ገጽ ገልብጠው፣ ስሙን ቆርጠው በራሳቸው ስም ለሚለቁትም ይኸው ነው መልሳችን።

አራተኛ፦ የሰሚው ሐቅ

ሰሚም ሐቅ አለው። እንዳይታለል፣ ሲናገርም እንዲሰማ።

ያ የማርስ ታሪክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1949 ኢኳዶር ውስጥ በሬዲዮ ኪቶ ተደገመ። አዘጋጆቹ የአገሩን ቦታዎች ስም አስገብተው እንደ እውነተኛ ዜና አቀረቡት። ሕዝቡ ደንግጦ ወጣ። ልብ ወለድ መሆኑ ሲነገረው ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ጣቢያው ያለበትን የጋዜጣ ሕንፃ አቃጠለ፤ ሰዎችም ሞቱ። ማቃጠሉ ግፍ ነው፣ ማታለሉም ግፍ ነው። ዛሬ በሰው ሠራሽ ድምፅ የታዋቂ ሰው ንግግር እያስመሰላችሁ «ለቀልድ ነው» የምትሉ ወንድሞች ይህን አስቡት። ከእናንተ ቀልድ በፊት የሰሚው እምነት አለ።

ሰሚ ሲከበር ምን እንደሚመልስ ደግሞ የራሳችን አገር ምሳሌ አላት። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ ይተላለፍ ነበር፤ 257 ክፍል ነው። በዚያው ዘመን በኦሮምኛ «ዺምቢባ» ነበር። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሴቶች ኑሮ የሚያነሡ ነበሩ፤ የጠፈር ታሪክ አልነበራቸውም። ለአዘጋጆቹ የደረሰው የአድማጭ ደብዳቤ ግን ከ15,000 በላይ ነበር። ወረቀት ገዝቶ፣ ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ! ያን ያህል የደከመ ሰው አንዲት ስድብ ብቻ ጽፎ አይልክም። የሰማውን ያስባል፣ የደረሰበትን ይነግራል፣ ስሙን ይፈርማል። ዛሬ መልስ መስጠት ሁለት ሴኮንድ ይበቃዋል፤ የሚወጣውም ቃል የሁለት ሴኮንድ ቃል ሆነ። ወደ ፖስታ ቤት እንመለስ አንልም። ግን ከመላካችን በፊት ራሳችንን «ይህን ፈርሜበት፣ ቴምብር ገዝቼ እልከው ነበርን?» ብለን መጠየቅ አያቅተንም።

ምን እናድርግ?

እኛ የበኩላችንን ጀምረናል። አራቱን ልጆች ጠርተን ይቅርታ ጠይቀናል። ሙሉውን አብረን ሰማነው፤ የታዘብነውንም ነገርናቸው፦ ሁለቱ ወንዶች ድምፃቸው ስለሚመሳሰል ማን እንደተናገረ አይለይም፤ መሐሉ ላይ ያለው ዝምታ ረዝሟል፤ የትንሹ ልጅ ድምፅ ግን ከሁሉም ጥርት ያለ ነው። ይህን የመጨረሻውን ስንል አንገቱን ደፋ። ያመነን አይመስለንም።

ለደራሲው የፈቃድ ደብዳቤ እየጻፉ ነው። ባይፈቀድላቸው የራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፤ አንደኛው ስለ ወደፊቱ ጀጎል የጀመረው ነገር አለ፣ ጅቡም አለበት።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፦ ያን ድራማ ከመሐል ያቆማችሁት ቀሪውን ስሙት። ሁለት፦ ጉድለት ካያችሁ የቱ ጋ እንደሆነ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ንገሯቸው፤ «አይረባም» ለማንም አይጠቅምም። ሦስት፦ ስለ ትንሹ ልጅ ድምፅ የጻፋችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ አንጠይቅም፤ አጥፉትና በምትኩ አንድ መልካም ቃል ጻፉለት። ሰኞ ከመግሪብ በኋላ ተራው ነው፤ እኛም አጠገቡ ተቀምጠን እናዳምጠዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።