የፍጥነት ልክ በምድረ በዳ መንገድ

መንገድ ሩቁን አገር ከቅርቡ የሚያገናኝ ታላቅ ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ሕግና ልክ ያልተበጀለት እንደ ሆነ ነፍስ የሚያጠፋ መሆኑን በአውስትራልያ ሰሜናዊ ግዛት የሆነው ነገር በግልጥ ያስረዳል።

የዚህ ግዛት ስፋት ከ1,300,000 ካሬ ኪሎሜትር ሲበልጥ የሕዝቡ ቁጥር 300,000 አይሞላም። ከዳርዊን ተነሥቶ በአሊስ ስፕሪንግስ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው የስቱዋርት አውራ ጎዳና ብዙው ክፍል ሰው በማይገኝበት በረሓ ያልፋል። በአውሮጳ አቆጣጠር እስከ 2006 መጨረሻ ድረስ በግዛቱ የገጠር መንገዶች ላይ የተወሰነ የፍጥነት ልክ አልነበረም። በ1994 በዚሁ ጎዳና ላይ በተደረገ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ሁለት ተወዳዳሪዎችና ሁለት የውድድሩ ሠራተኞች ባንድ አደጋ ሞቱ። በ2007 መባቻ መንግሥቱ በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች በሰዓት 130፥ በሌሎቹ 110 ኪሎሜትር እንዲሆን ደነገገ። በ2014 ሌላ መንግሥት ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተ ሰሜን ባለው 200 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ላይ ልኩን ለሙከራ አነሣ፤ በ2015ም አስረዘመው። በ2016 የተመረጠው መንግሥት ግን 130ን መለሰ።

ልኩ ይነሣ የሚሉት ሰዎች ምክንያት የሚናቅ አይደለም። መንገዱ ቀጥ ያለ፥ ተላላፊው ጥቂት ነው፤ ጕዞው በረዘመ መጠን ነጂውን ድካምና እንቅልፍ ያሸንፈዋል፤ ብዙውንም ሰው የሚገድለው መጠጥና የመቀመጫውን ቀበቶ አለመታጠቅ ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ያለበት ነገር ነው፤ ነገር ግን የፍጥነትን ጉዳት አያስቀርም።

በሰዓት 130 ኪሎሜትር የሚሮጥ አውቶሞቢል ባንዲት ሴኮንድ 36 ሜትር ይሄዳል። ፍጥነቱ ወደ 160 ከፍ ቢል የጨመረው ከሩብ ያነሰ ሲሆን የግጭቱ ኃይል ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል። ሲመሽ ካንጋሮና ከብት ድንገት ወደ መንገዱ ይገባሉ፤ ርዝመታቸው ከ50 ሜትር የሚበልጥ ተሳቢ ካሚዮኖችም ይመላለሱበታል። አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ ሐኪም ቤቱ በብዙ መቶ ኪሎሜትር ይርቃል። ከ1928 ጀምሮ በአውስትራልያ በረሓ በአውሮፕላን የሚያክም ድርጅት መቋቋሙ የርቀቱን ብርታት ይመሰክራል፤ አውሮፕላኑም ቢሆን እስኪደርስ ድረስ ደም የሚፈሰው ሰው ላይቆይ ይችላል።

ስለዚህ የመንገዱ ቀጥ ማለትና የሰው ማነስ ልኩን ለማንሣት የሚበቃ ምክንያት አይደለም፤ ይልቁንም የረዳት ርቀት ለጥንቃቄ ዋና ምክንያት ነው። እርግጥ ነው፥ በበረሓ መካከል የተተከለ ምልክት ብቻውን ሰው አያድንም። ለደከመው ማረፊያ ሊዘጋጅ፥ የሰከረው እንዳይነዳ ሊከለከል፥ ቀበቶም መታጠቅ ልማድ ሊሆን ይገባል። ሕጉ ከነዚህ ጋራ አንድ ሆኖ ሲሠራ ነው ፍሬ የሚሰጠው።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ የሰው ደም ግን የሚለቅመው የለም።