የተሸጎጠ ድፍረት

ሽጉጥ የሚለው ቃል ራሱ ምስክር ነው። ሸጎጠ፤ ወሸቀ፣ ደበቀ፣ ከዓይን ሰወረ። ጠመንጃ በትከሻ ይወጣል፤ ጎራዴ በጎን ይንጠለጠላል፤ ጋሻ በፊት ይመከታል። ሽጉጥ ግን ስሙን ያገኘው ከመደበቁ ነው። ቃሉን ያወጡለት ሰዎች ጠባዩን አይተው ነበር። በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ስሙ ያው ነው፤ ነገሩም ያው ነው።

ነገሬን ከቃሉ የጀመርሁት፣ በመቐለ ቡና ቤቶች አንድ አስተያየት እንደ ጥበብ ሲነገር ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። «በዚህ ዘመን ሽጉጥ የሌለው ሰው ራቁቱን የሚሄድ ሰው ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት ወንበዴዎች ቢሆኑ ባልደነቀኝ። የሚሉት ግን መምህራን ናቸው፤ ነጋዴዎች ናቸው፤ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው፤ ይባስ ብሎም ግጥም የሚጽፉ ወንድሞቼ ናቸው። እኔ ግን እላለሁ፦ ያልሠለጠነ ሰው የታጠቀው ሽጉጥ ልብስ አይደለም፤ ራቁትነቱን ለሌላው የሚያጋባ በሽታ ነው።

ፍርሃታቸውን ንቄ እንዳይመስላችሁ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከፈነዳበት ቀን አንሥቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ይህች ከተማ ያላየችው መከራ የለም። ባንኮች ተዘግተው፣ ሰው በገዛ ስሙ ያስቀመጠውን ገንዘብ ማውጣት ተስኖት ዳቦ የለመነበትን ጊዜ እናውቃለን። ከስምምነቱ በኋላ፣ በጥር 2015 ዓ.ም.፣ መድፉና ታንኩ አጉላዕ ላይ ርክክብ ሲደረግበት ዓለም በካሜራ አየ። ትንሹ መሣሪያ ግን ስሙ እንደሚለው ተሸጉጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የዝርፊያ፣ የእገታና የግድያ ወሬ ጆሯችንን አደንቁሮታል። እኅቶቻችን ከመሸ በኋላ ከሮማናት አደባባይ ወደ ዓዲ ሓቂ ብቻቸውን መሄድን ይፈራሉ። እነርሱን «አትፍሩ» የሚል ሰው ወይ በሩ ላይ ዘበኛ አለው፣ ወይ ልብ የለውም።

እንግዲያው ክርክራችን መፍራት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አይደለም። ክርክራችን ሽጉጡ ከሚፈራው ነገር ያድናል ወይ በሚለው ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፤ ሒሳብ እንጀራዬ ነውና። በ1983 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ፣ ጩቤ የጨበጠ ሰው በምን ያህል ርቀት ላይ ሲቆም አደገኛ እንደሚሆን ጠየቀ። ሞክሮ ያገኘው መልስ 21 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ከግማሽ የማይሞላ ርቀት ነበር። ይህን ርቀት ሰው ሮጦ ለመጨረስ 1 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ የሠለጠነ ፖሊስም ሽጉጡን ከማኅደሩ መዝዞ ለመተኮስ የሚፈጅበት ጊዜ ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ልብ በሉ፤ ይህ ሽጉጡ በወጉ በተሰናዳ ማኅደር ያለ፣ አጥቂውንም ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ሒሳብ ነው። የእኛ ሰው ሽጉጡን በሱሪው ቀበቶ ሥር፣ ከሸሚዝና ከጃኬት በታች ሸጉጦ፣ መብራት በሌለው መንገድ፣ ከኋላው የሚመጣውን ሳያይ ይራመዳል። አጥቂ ሰዓቱንም ቦታውንም ይመርጣል፤ ተከላካይ ሁለቱንም አይመርጥም። ጃኬቱን እስኪገልጥ ድረስ ነገሩ ያልቃል። በዚያ ሌሊት ቀማኛው ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ስልኩንና ሽጉጡን። በማግስቱ ያ ሽጉጥ በሌላ ሰው ላይ ይደገናል።

«እኔኮ ተዋግቻለሁ፤ መሣሪያ አታስተምረኝ» የሚለኝ አይጠፋም። አክብሬ እመልስለታለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ የጦር ሜዳና የከተማ መንገድ አንድ ትምህርት ቤት አይደሉም። በግንባር ፊትህ ያለው ሁሉ ጠላት ነው፤ በቀዳማይ ወያነ ገበያ ግን ከአጥቂህ በስተጀርባ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ተቀምጣለች። በግንባር ግራና ቀኝህን የሚጠብቅ ጓድ፣ ከበላይህም የሚያዝህ አለቃ ነበረህ፤ በመንገድ ላይ አለቃህ ፍርሃትህ ብቻ ነው።

ሽጉጥን በቁም ነገር የሚያስተምሩ ሰዎች፣ አሜሪካዊው ጄፍ ኩፐር ያስፋፋቸውን አራት ሕጎች ከሁሉ አስቀድመው ያስጠናሉ። አንደኛ፣ መሣሪያ ሁሉ ጎራሽ ነው ብለህ ያዘው። ሁለተኛ፣ ልታጠፋው በማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዝህን አታዙር። ሦስተኛ፣ ዒላማህን እስክትይዝ ድረስ ጣትህን ወደ ምላጩ አታስገባ። አራተኛ፣ ዒላማህንና ከዒላማህ በስተጀርባ ያለውን እወቅ። አራቱም በአንድ እስትንፋስ ይነገራሉ፤ እጅ የሚለምዳቸው ግን በብዙ ድግግሞሽ ነው። ምክንያቱም የደነገጠ ሰው የሚያስበውን አያደርግም፤ የለመደውን ያደርጋል። ልብ ሲመታ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይን ይጠብባል፤ ጆሮ ይደፈናል። ያን ጊዜ ያልሠለጠነ ጣት ምላጩን ይስባል፤ በኋላም «ሳላስበው ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ አላሰበውም። ሳያስብ መሣሪያ መታጠቁ ነው በደሉ።

እነዚህን አራት ሕጎች በሠርጎቻችን ላይ መዝኗቸው። ሙሽራ ሲገባ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው ሚዜ ስንቱን ሕግ ሻረ? ጥይት ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚቀር ይመስለዋል። ወደ ላይ የተወረወረ ሁሉ ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ግቢ ግን ተኳሹ አይመርጥም።

ሥልጠና የፈሪ ወግ የሚመስለው ካለ ከገዛ ታሪካችን ይማር። የዚህች ከተማ ቤተ መንግሥት ባለቤት ዓፄ ዮሐንስ፣ ገና ካሣ ሳሉ፣ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መድፍና ጠመንጃ አገኙ። መሣሪያውን ለጌጥ አልሰቀሉትም፤ ጆን ኪርካም የተባለውን እንግሊዛዊ ይዘው ጭፍራቸውን አሠለጠኑ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ 60,000 የሚባል ሠራዊት አስከትተው ዓድዋ አጠገብ ሲገጥሟቸው፣ የካሣ ጦር 12,000 ገደማ እንደነበረ ይነገራል። ያሸነፈው ጥቂቱ ነው፤ የሠለጠነው። እንግዲህ ነጋሢውን ያነገሠው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ልምምዱ ከሆነ፣ ትናንት ከሕገ ወጥ ነጋዴ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ገዝቶ ዛሬ በወገቡ የሸጎጠ ሰው በምኑ ይመካል?

በእኛ ሙያ አንድ ቃል አለ፤ ካዝና። የሚገርመው የጥይቱ ማኅደርም ስሙ ካዝና ነው። የባንኩ ካዝና በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም፤ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ፊርማ ይጠይቃል። ይህ የሆነው ሠራተኛው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ስለሚሳሳት፣ ስለሚቆጣ፣ ስለሚፈተን ነው። ለብር ይህን ያህል የተጠነቀቅን ሰዎች፣ ነፍስ ያለበትን ካዝና ለአንድ ጣት አሳልፈን እንሰጣለን። ሥልጠና ማለት ሁለተኛው ቁልፍ ነው። በቁጣና በምላጭ መካከል የሚቆመው ምስክር እርሱ ነው።

ሕጉም ቢሆን ተንኳሽን አይደግፍም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስንና ሌላውን ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ በእውነት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ስልክ ነጥቆ የሚሸሽን ጎረምሳ ከጀርባው የመታ ሰው ሚዛኑን በምን ያሳያል? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መታጠቅን ከልክሏል። ፈቃድ ግን ወረቀት ነው፤ የደነገጠ ጣት ወረቀት አያነብም።

አሁን ከመንገድ ወደ ቤት እንግባ፤ ሽጉጥ ከመንገድ ይልቅ የሚያድረው ቤት ነውና። በ1993 እ.ኤ.አ. አርተር ኬለርማንና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ ባለበት ቤት የመገደል አደጋ ወደ 2.7 እጥፍ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳየ፤ ብልጫውም የመጣው ከቤት ሰውና ከቅርብ ወዳጅ እጅ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ የወጣው ጥናት፣ ራሳቸው ሽጉጥ ሳይኖራቸው ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከሌሎቹ በ2 እጥፍ የሚበልጥ የመገደል አደጋ እንዳለባቸው አገኘ። በ2020 እ.ኤ.አ. በዚያው ግዛት የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በጥይት ራሳቸውን የማጥፋታቸው አደጋ ከሌላቸው ወንዶች 8 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው።

«አሜሪካ መቐለ አይደለችም» ትሉኝ ይሆናል። አይደለችም። እነዚያ ቤቶች የሁለት ዓመት ጦርነት አላለፈባቸውም። እዚህ ግን ሌሊት እየባነነ የሚነሣ አባት፣ የወንድሟን አስከሬን ያላገኘች እኅት፣ በሩ ሲንኳኳ የሚንቀጠቀጥ ወጣት በየመንደሩ አሉ። ኀዘን ባለበት ቤት ትራስ ሥር የተቀመጠ ጎራሽ ሽጉጥ ማንን ይጠብቃል? ከማንስ ይጠብቃል?

ሥነ ጽሑፋችን ይህን መልስ ከማንም አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በታሪካችን እጅግ የታወቀው ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዓፄ ቴዎድሮስ በስጦታ የላከችው ነው፤ ቆንስል ካሜሩን በ1862 እ.ኤ.አ. ይዞት መጣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያ ሽጉጥ ጠላት አልገደለም፤ ባለቤቱን ገደለ። ከብርሃኑ ዘሪሁን እስከ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስንት ብዕር ስለዚያ ንጉሥ አለቀሰ! እኛ ግን ከዚያ ሁሉ እንባ የወሰድነው ኩራቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ወቀሳዬ ለእኛ ለግጥም ወዳጆች ነው። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቤን፣ ጓንዴ እየተባለ የተፎከረበት ዘመን ነበረ። ያ ጠመንጃ በአደባባይ የተያዘ ነበር፤ ጠላቱም በአደባባይ የታወቀ ነበር፤ አርበኛው የሚፎክረው ሀገር እየሰማው ነበር። ያንን ፉከራ ከአርበኛው ትከሻ አውርደን በጎረምሳ ወገብ ላይ ስናስረው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የሽጉጥ ድምፅ በከተሞቻችን ምን ማለት እንደነበረ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብርን ሌሊቶች ያደሩ ይናገሩ። ሽጉጥን «ወንድነት» ብሎ የሚገጥም ገጣሚ፣ የአርበኛን ልጅነት ሳይሆን የእነዚያን ሌሊቶች ውርስ ነው የሚያድሰው።

ምን ይሁን ታዲያ? ፈቃድ የሚሰጥ ሁሉ ከፈቃዱ በፊት ሥልጠናና ፈተና ይጠይቅ፤ መኪና ለመንዳት የጠየቅነውን ያህል እንኳ። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ጥይቱን ለይቶ፣ ቆልፎ፣ ከልጅ እጅ አርቆ ያስቀምጥ፤ ልምምዱንም በየጊዜው ያድስ። ይህን ለማድረግ ጊዜም ትዕግሥትም የሌለው ሰው አይታጠቅ፤ ባዶ ወገብ ነውር አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ለሽጉጥ ዋጋ ስንጨነቅ የምንውል ሰዎች በአንድነት መንገዱ እንዲበራ፣ ፖሊስ ሲጠራ እንዲደርስ፣ እኅቶቻችንን ያጠቃ ሁሉ ለፍርድ እንዲቀርብ እንጩህ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተጠራርቶ የሚሄድበት መንገድ ከአንድ ካዝና ጥይት ይልቅ ያስተማምናል። እያንዳንዱ ለየራሱ በታጠቀበት ከተማ ሁሉም የሁሉ አጥቂ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ከተማ ሳይሆን ምሽግ ነው የሚኖረን።

በስንኝ ልሰናበት፦

ወገብህን ጠየቅሁ፤ «ከበደኝ» አለኝ፣
ጣትህን ጠየቅሁ፤ «ማን አስተማረኝ?»
ልጅህን ጠየቅሁ፤ «ትራሱ ሥር አየሁ፣
መጫወቻ መስሎኝ በእጄ ዳሰስሁ።»
ከተማዬን ጠየቅሁ፤ እሷ ግን ዝም አለች፣
መብራቷ ጠፍቶባት በር በሩን ታያለች።

ቸር ያሰንብተን።