«ነገ ይመለሱ» ከማለት በፊት

«ፕሪንተሩ እምቢ ብሏል፤ ነገ ይመለሱ።» ይህን ቃል ባንድ መሥሪያ ቤት ቆሞ ያልሰማ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ ባለፈው ሰሞን ለራሴ ጉዳይ ተሰልፌ ሳለሁ ሰማሁት። የተነገረውም ከፊቴ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። «ልጄ፥ እኔኮ የመጣሁት ከገጠር ነው፤ ማደሪያም የለኝ» አሉ። ወጣቱ ጸሓፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «አባቴ፥ ምን ላድርግ? ይኸው ሰባት ጊዜ አዘዝሁት» ሲል ላብ አጥምቆት ነበር።

ነገሩ የተገለጠው ከላይኛው ፎቅ አንዲት ሴት ሰባት ደብዳቤ ታቅፋ ስትወርድ ነው። ለካስ ፕሪንተሩ አላመፀም! ወጣቱ በዋዜማው አንድ ወረቀት በላይኛው ፎቅ ፕሪንተር አትሞ ኖሯል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲህ ሥራውን ሁሉ ወደዚያ ይልክ ነበር።

ይህ የታወቀ ሥርዓት እንጂ ተንኮል አይደለም። ሌላ ካልታዘዘ በቀር ኮምፒውተሩ ወረቀቱን ሁሉ የሚልክበት ፕሪንተር ዲፎልት ይባላል። ዊንዶውስ 10 ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ምርጫው ከተተወለት፥ በቦታው በመጨረሻ የተሠራበትን ፕሪንተር ዲፎልት ያደርጋል። አንዳንዴም ዲፎልቱ ወረቀት የሚባል ነገር የማያውቅ፥ ፒዲኤፍ ፋይል ብቻ የሚያወጣ የስም ፕሪንተር ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ተምረናል የምንል ወጣቶች ምን እንሥራ? በፓወርሼል ጥቂት መስመር ስክሪፕት መጻፍ አያቅተንም። ስክሪፕቱ አራት ነገር ይጠይቅ፦ ዲፎልቱ ማን ነው? ስሙ በክፍሉ ካለው ፕሪንተር ጋር አንድ ነውን? ግንኙነቱ ተቋርጧል ወይ? ወረፋው ላይ ተወትፎ የቀረ ሥራ አለን? ይህም በየጧቱ ባለጉዳይ ሳይገባ በራሱ እንዲሠራ ቀጠሮ ይያዝለት። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ዲፎልት የሚመረጠው በያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ነው። ባለሙያው ስክሪፕቱን በራሱ ስም ቢያስሠራው የሚነገረው የራሱ ዲፎልት ነው፤ የጸሓፊው ችግር ግን እንዳለ ይቀመጣል።

«የምን ስክሪፕት? አንድ ወረቀት አትሞ ማየት አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። ስክሪፕት የሚያመጣልን ፕሪንተሩ ስለ ራሱ የሚያወራውን ነው። ቀለሙ ደብዝዞ ጽሑፉ የማይነበብ ቢሆን እንኳ «ዝግጁ ነኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከስክሪፕቱ ቀጥሎ አንዲት ገጽ አትሞ በዐይን ማየት ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ክፍልና ብዙ ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉን በእግር ዞሮ የሚጠይቅ ማን ነው? ስክሪፕት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ስክሪፕቱ ደኅና ነው ብሏል» የሚል አዲስ ሰበብ ከፈጠርንበት ግን ከፊተኛው የባሰ ይሆናል።

ሽማግሌው ደብዳቤያቸውን ተቀብለው፥ መርቀው ሄዱ። እኔ ግን የቀሩት ስድስቱ ከነስማቸውና ከነምሥጢራቸው በማያውቁት ሰው ክፍል መዋላቸው እስካሁን ያሳስበኛል። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ታቅፋ የምትወርድ ደግ ሴት አትገኝምና፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ነገ ጧት ወንበራችሁ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ዲፎልታችሁ ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።