የሰሊጥ አጫጁ መቅኔ

ስለ ስቴም ሴልና ስለ ሰውነት የመከላከል አቅም ምርምር ሲነሳ፣ «እሱ እንኳ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ መጀመሪያ ውኃና መንገድ ይኑረን» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ምክንያቴ ደግሞ ዳባትና ደባርቅ ናቸው።

የሰሊጥ ሥራ ሲደርስ የእነዚህ ደጋ ወረዳዎች ወጣት ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያድራል። በተሰነጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች፤ አንዳንዱ ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ጥገኛ ተሕዋሲው የሚመሽገው ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ነው። መቅኔ ማለት ደግሞ ደማችንንና የመከላከያ ሕዋሳታችንን የሚያመርቱት ስቴም ሴሎች ቤት ነው። ለዚህ ነው በሽተኛው ደሙ የሚያንሰው፣ ሌላ ሕመም የሚደራረብበት፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው።

ወደ ደጋው ብንመለስ ቁንጭር አለ። የአንዱ ቁስል ጊዜ ወስዶ በራሱ ይድናል፤ የሌላው ፊቱን ያዳርሳል። ለዚህ ልዩነት የሰውየው የመከላከል አቅም ትልቅ ድርሻ አለው። ኤችአይቪ ያለበት የካላዛር በሽተኛም ታክሞ ያገረሽበታል። በማን ላይ እንደሚያገረሽ ከደም ውስጥ የመከላከያ ሕዋሳት አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል ጎንደር ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመለሰው በሽተኛው አጠገብ በመሆን ነው እንጂ ከሩቅ አይደለም።

ታዲያ ምን ጎደለን? ቦታውስ አለ። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ታሠለጥናለች። ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪው ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘገባል። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋምም የሥጋ ደዌን የመከላከል አቅም ከማጥናት ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው።

የጎደለን ተመራማሪው እዚሁ የሚያረጅበት መንገድ ነው። ዶክትሬቱን ይዞ ይመጣል፤ የማስተማር ጫና ይቆለልበታል፤ ሬጀንት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ እስኪደርስ ወራት ይቆጠራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ለናሙናው ይጨነቃል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ያልቃል። ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ለምርምር ብቻ የተለየ ሰዓት፣ ከለጋሽ እጅ የማይጠበቅ ቋሚ በጀት፣ ከፕሮጀክት ዕድሜ የሚዘልቅ የሥራ መደብ ይኑር። ሰሊጡ ዶላር ያመጣል። ያንን ዶላር በላቡ የሚያወጣው ይኸው የደባርቅ ልጅ ነው። ከዚያ ላይ ለፍሪዘርና ለሬጀንት የምትሆን ቁራሽ መመለስ ችሮታ ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው።