የጠመንጃን ካሊበር ከመለወጥ በፊት የጥይቱን ጎተራ ማየት

የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2022 ለእግረኛ ተዋጊዎቹ 6.8 ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ መምረጡን አስታወቀ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእግረኛው ዋና ጥይት 5.56 ሚሊሜትር ነበር። አዲሱ ጥይት ሩቅ እንደሚደርስና የጥይት መከላከያ ልብስን የመብሳት ኃይሉ የላቀ መሆኑ ይነገርለታል። ይሁን እንጂ ጥይቱ ከበድ ያለ በመሆኑ የአዲሱ ጠመንጃ መደበኛ ካዝና የሚይዘው 20 ጥይት ብቻ ሲሆን፣ የቀድሞው ግን 30 ይይዝ ነበር። በአንድ በኩል የተገኘው ጥቅም በሌላ በኩል የሚያስከፍለው ዋጋ አለ ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ጦር ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። ጠመንጃን ከአንድ የጥይት ዓይነት ወደ ሌላ የመለወጥ ጥያቄ ከዘጠና ዓመት በላይ ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ ነው። ታሪኩን በጥሞና ለሚመረምር የገበሬ ማኅበር መሪ፣ ስለ መንደሩ አሮጌ ጠመንጃም ሆነ ነገ ስለሚገዛው የውኃ ፓምፕ የሚያስተምረው ቁም ነገር አለው።

በቅድሚያ ካሊበር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ካሊበር በመሠረቱ የአፈሙዙ ውስጣዊ ስፋት ነው። ነገር ግን ጠመንጃና ጥይት የሚገጣጠሙት በስፋት ብቻ አይደለም። የቀለሁ ርዝመት፣ የባሩዱ ኃይልና የካዝናው ቅርጽ ሁሉ አብረው የተለኩ ናቸው። ነገሩ እንደ ሞፈርና ማረሻ ነው። ማረሻው ሲሰፋ ወገሉም ድግሩም መከተል አለባቸው፤ በሬውም አቅም ሊኖረው ይገባል። አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን እንደነበረ መተው እርሻውን ያበላሻል። በጠመንጃ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚበላሸው የሰው አካል ነው።

ጎተራው የወሰነው ጠመንጃ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኤም ዋን ወይም ጋራንድ የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። ይህ መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ መሣሪያ ሲታጠቅ፣ የእግረኛው ዋና ጠመንጃ ይኸው ኤም ዋን ነበር።

ጠመንጃውን የሠራው ጆን ጋራንድ፣ በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ሲደክምበት፣ በመጀመሪያ ያዘጋጀው 7 ሚሊሜትር ለሚሆን አነስተኛ ጥይት ነበር። በዚህ ጥይት ጠመንጃው አንድ ጊዜ ሲጎርስ 10 ይይዝ ነበር፤ ቀለልም ይል ነበር። የመረመሩት ሰዎችም ወደውት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1932 የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር የጥይት ለውጡን አልተቀበሉም። ዋናው ምክንያታቸው ጥይቱ መጥፎ ነው የሚል ሳይሆን፣ በመጋዘን የተከማቸው የቀድሞው ባለ 7.62 ሚሊሜትር ጥይት እጅግ ብዙ መሆኑና ጊዜውም የገንዘብ ችግር የነበረበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጋራንድ ጠመንጃውን ወደ ቀድሞው ጥይት መልሶ አዘጋጀው። በአንድ ጉርሻ የሚይዘውም ወደ 8 ዝቅ አለ። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1936 በጦሩ ተቀባይነት አገኘ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያም ከ4 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ ውሳኔው ብዙ ተተችቷል። ዛሬ መለስ ብለን ስናየው ግን፣ ጦርነቱ ሲመጣ ጠመንጃውም መትረየሱም አንድ ዓይነት ጥይት ይበሉ ስለነበር፣ የስንቅና ትጥቅ ክፍሉ ከብዙ ጣጣ መዳኑን መካድ አይቻልም።

ዘግይቶ የተጀመረ ለውጥ

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ያየነው በኢጣልያ ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ የእግረኛዋ ጥይት 6.5 ሚሊሜትር ነበር። ከወረራው ዘመቻ በኋላ የዚህ ጥይት የመጣል አቅም አነስተኛ ነው የሚል ቅሬታ በጦሩ ውስጥ በርትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ 7.35 ሚሊሜትር የመለወጥ ውሳኔ ተሰጠ። አዳዲስ ጠመንጃዎች መሠራት ጀመሩ። ነገር ግን በዓመቱ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ግማሹ ወታደር በአንድ ጥይት፣ ግማሹ በሌላ ሊዋጋ እንደማይችል ግልጽ ሲሆን፣ ኢጣልያ ለውጡን ትታ ወደ 6.5 ተመለሰች። ከ90 ሺህ በላይ የሚሆኑት ባለ 7.35 ጠመንጃዎች ለፊንላንድ ተላለፉ። የተሻለ ጥይት መምረጥ ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ ለውጡን ለመፈጸም የሚያስችል ጊዜና አቅርቦትም እንደሚያስፈልግ ይህ ያመለክታል።

እኛም ብንሆን ችግሩን የምናውቀው ከሩቅ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው የዘመተው አባቶቻችን ጦር ይዞት የነበረው ጠመንጃ ልዩ ልዩ ዓይነት ነበር። ምንሽር የያዘው ውጅግራ ለያዘው ጓደኛው ጥይት ሊያካፍለው አይችልም ነበር። የዝናሩ ጥይት ሲያልቅ ጠመንጃው ከዱላ አይሻልም። በዚያ ጦርነት ጀግንነት አልጎደለም፤ ከጎደሉት ነገሮች አንዱ ግን የተስማማ ጥይት ነበር።

የወለቀው ቀለበት

ሦስተኛው ምሳሌ ያለቀለትን ጠመንጃ መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። የኔቶ አገሮች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ የጋራ ጥይት መረጡ። ስፋቱ እንደ ቀድሞው 7.62 ቢሆንም፣ የቀለሁ ርዝመት ከ63 ወደ 51 ሚሊሜትር አጠረ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዚሁ ጥይት የተሠራው አዲሱ ኤም 14 ጠመንጃ በበቂ ስላልደረሰው፣ በ1960ዎቹ የነበሩትን ጋራንዶች ለመለወጥ ተነሣ። በመጀመሪያ የተመረጠው ዘዴ ርካሽ የሚመስለው ነበር። ይኸውም ረዥሙ ቀለህ ይቀመጥበት በነበረው የአፈሙዙ ክፍል ውስጥ ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት ማስገባት ነው።

ውጤቱ አላማረም። ጠመንጃው ሲተኮስ ከአንዳንዱ ላይ ቀለበቱ እየላላ ከባዶው ቀለህ ጋር ተስቦ ይወጣ ጀመር። ቀለበቱ የወጣበት ጠመንጃ ቀጥሎ የሚጎርሰው ጥይት በማይገጥመው ስፍራ ስለሚፈነዳ ቀለሁ ይቀደዳል፤ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ይመለሳል። በመጨረሻም ባሕር ኃይሉ ፊቱን ወደ ሌላ መንገድ አዞረ፤ ለአዲሱ ጥይት ተብለው በፋብሪካ የተሠሩ አፈሙዞች እንዲገጠሙ አደረገ። ወታደሩ በስሕተት አሮጌውን ረዥም ጥይት እንዳያጎርስም በጥይት መያዣው ውስጥ መከልከያ ገባ። ኢጣልያም እ.ኤ.አ. በ1959 ከጋራንድ በመነሣት ቤ ኤም 59 የተባለውንና 20 ጥይት የሚይዝ ካዝና ያለውን ጠመንጃ ስታወጣ፣ ሥራውን የሠራው ጋራንድን ራሱን ሲያመርት የኖረው የቤሬታ ፋብሪካ ነበር።

እንግዲህ መሐንዲስ፣ መለኪያና የሙከራ ስፍራ ያልጎደለው ባሕር ኃይል እንኳ በመጀመሪያው ሙከራ ከተሳሳተ፣ በመንደር ብረት ቤት የሚሠራ ለውጥ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

መሪዎች ሊያጤኑት የሚገባ

በገጠራችን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፉ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች አሉ። የአብዛኞቹ ጥይት ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ባለቤቱ በቀላሉ ለሚገኘው ጥይት እንዲሆንለት ቢመኝ አያስደንቅም። አፈሙዙን አስፍቼ ወይም ቀለበት አስገብቼ እለውጥልሃለሁ የሚል እጀ ብልህም አይጠፋም። የማኅበሩ መሪ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም ሊኖረው ይገባል። አሮጌ ብረት ላልተሠራበት ኃይል ሲጋለጥ መቀርቀሪያው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ዓይኑን ወይም እጁን ያጣ ገበሬ ደግሞ ሞፈር የሚጨብጥለት ሰው ፈላጊ ይሆናል፤ ጉዳቱ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ነው። ከዚህም ሌላ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን የሚከለክል በመሆኑ፣ የመሣሪያ ነገር ሲነሣ ጉዳዩን ወደ ሕግ አስከባሪው ማቅረብ እንጂ በጓሮ መጨረስ አይገባም። የአባት ማስታወሻ የሆነ ጠመንጃ ተኩስ ባያሰማም ክብሩ አይቀንስም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ከጠመንጃ ይሰፋል። ማኅበሩ የውኃ ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮ ወይም ትራክተር ሊገዛ ሲመክር፣ ሻጩ የሚናገረው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። መሪው ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ቀበቶው፣ ማጣሪያውና መለዋወጫው ከየት ይገኛል? በአቅራቢያ ካሉት ማኅበራት ፓምፕ ጋር ዕቃ ይዋዋሳል? ሲሰበር የሚጠግነው ሰው በወረዳው አለ? አምስት ማኅበራት አምስት ዓይነት ፓምፕ ቢገዙ፣ በማይጨው እንደሆነው አንዱ ለሌላው ሊደርስለት አይችልም። አንድ ዓይነት ቢይዙ ግን የአንዱ መለዋወጫ የሌላውን አዝመራ ያድናል።

የአሜሪካ ጦር በ6.8 ሚሊሜትር ጥይት የጀመረው ለውጥ ይሳካ አይሳካ ወደፊት የሚታይ ነው። የሚለካውም በጥይቱ ርቀት ብቻ ሳይሆን፣ ፋብሪካው በሚያመርተው መጠን፣ ወታደሩ በሚሸከመው ክብደትና አጋር አገሮች በሚከተሉት መንገድ ጭምር ነው። ማካርተር በ1932 የጠየቁት ጥያቄ፣ ማለትም በጎተራው ያለው ምንድነው የሚለው፣ ዛሬም አላረጀም። አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ ወይም አሮጌውን ከማስለወጡ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለጉባኤው የሚያቀርብ የገበሬ ማኅበር መሪ፣ የአባላቱን ገንዘብም ሕይወትም ይጠብቃል።